የግራ እግር ጫማ

ሦስት ወር ትሰለፋለች፣ ከሸማቾች ሱቅ ደጃፍ፣
ከየኮታው አንዳንድ ኪሎ ለነሐሴ ለማትረፍ።
ሻያችን መራራ ነው ከግንቦት ጀምሮ፤
ስኳሩ ይተኛል፣ በነጭ ጆንያ ታስሮ፣
ከአልጋዋ ሥር፣
እንደ አራስ ልጅ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ሞቆት እንዲያድር።

የነሐሴ ዘጠኝ ዋዜማ፣ የአቃቂ ወንዝ ሲያጓራ፣
ድስቱ ይጣዳል በጓሮ፣ እኔም ቆሜ ከእሷ ጋራ።
ሎሚ ጠብ ታደርጋለች፣ «እንዳይሻክር» ብላ፣
በማንኪያ ጫፍ አንስታ፣ ከቀዝቃዛ ውሃ ጥላ
ታዳምጠዋለች፤ ጠቅ ካለ በስሏል።
ካላለ ገና ነው፤ እንጨት ይጨመራል፣ ጭሱ ያስለቅሳል።
«የጭሱ ነው» ትላለች፣ ሳልጠይቃት በፊት።
አልጠይቃትም፤ ወዲያ አዞራለሁ ፊት።

እህቴን አላውቃትም።
እንጉዳይ ነው ስሟ፤ ከዝናብ ጋር መጥታ፣ ከዝናብ ጋር ስትሄድ ሰባት ዓመት አልሞላትም።
ወንዙ የመለሳት ጊዜ፣ ከድልድዩ በታች፣ ከሸንበቆው መሃል፣
በግራ እግሯ ኮንጎ ጫማ፤ የቀኙ ወንዙ ዘንድ ቀርቷል።

እኔ በዓመቱ ተወለድኩ። ማስረሻ ብለው ጠሩኝ።
ስም ሲያወጡልኝ፣ ሥራም አብረው ሰጡኝ።
ይኸው ሠላሳ ደፈንኩ፣ ማማሰያ ይዤ ቆሜ፣
ድስቱን ባማሰልኩ ቁጥር የሚከዳኝ የገዛ ስሜ።

ሸክላ ሠሪዋ ዝማም፣ ያቺን አንዲት ጫማ
ሰጠቻት ለእናቴ፣ በእርጥብ ጭቃ አትማ፤
ሽንቁሩ ሳይቀር፣ ማሰሪያው የተበጠሰው፣
ተረከዟን ባንድ ጎን መንገድ ልጎ የጨረሰው።
ስለዚህ በየዓመቱ አርባ ጫማ እንቀዳለን፤
አርባውም የግራ፣
በሳህን ተደርድረው፣ እንደ ጠዋት ጮራ።

የመንደሩ ልጆች ይመጣሉ፣ ጭቃ እስከ ጉልበታቸው፣
«ነፍስ ይማር» ይላሉ፣ ስኳር ተሸጉጦ ከጉንጫቸው።
ፍልሰታ ነው፤ ስኳር ግን ጾም አያስገድፍም፣
ማንም ጫማዋን በልቶ ሳይመርቅ አያልፍም።

አንድ ዓመት አባ ኪሮስ ጠበል ሊረጩ ሲሉ
እናቴ ሳህኑን አቀፈች። «አባቴ፣ ይቅር በሉ፤
ውሃ ድርሻውን ወስዷል።»
አባ እጃቸውን ሰበሰቡ። ቤቱ ጸጥ አለ።
አንድ ልጅ ብቻ ጫማ ይቆረጥማል።

ዘንድሮ እጇ ተንቀጠቀጠ። እኔ ቀዳሁ ስኳሩን።
ተደብቄአትም፣ ከመስታወት ፊት ይዤ የግራውን፣
እዚያ ውስጥ የማየውን በጭቃ ቀረጽኩ፤
የቀኝ። አርባ አንደኛ።
ማታ አመጣሁላት፣ ጋቢዋን ለብሳ ልትተኛ።
አገላበጠችው። ከየት አላለችኝም።
ሽንቁሩን በጣቷ ዳሰሰች። አላለቀሰችም።
ከግራው አጠገብ አኖረችው፣ ከመድረኩ ላይ፣
እግሩን ታጥቦ የገባ ሰው ጫማ ይመስል፣ ለሚያይ።

ሲነጋ ጉንዳን ወርሮታል፤
ከመድረኩ እስከ አልጋዋ ጥቁር መስመር ተዘርግቷል፣
ሁለቱን ጫማ በቅንጣት፣ በቅንጣት ተሸክሞ
ወደ ውስጥ የሚገባ።
መጥረጊያ አነሳሁ።
«ተዋቸው» አለች እናቴ፣
«መንገድ ላይ ናቸው።»