ቤት መታ

ኅዳር ነው፣ ዱዋርኔኔ፤ ነፋሱ ከምዕራብ።
«ጎዌላን» የምትባል የሰባት ሰው ጀልባ
ማታ ወደቡን ለቃ ወጣች።
ሬዲዮው ጠራት፣ ጠራት፣
ከዚያ እሱም ዝም አለ።
ከባሕሩ የተመለሰ አንድ ቢጫ ቦቲ ነው፤ የግራው።

በሦስተኛው ሌሊት ሶለን፣
ሰርዲን ከምንደረድርበት ጠረጴዛ ፊት ለፊቴ የምትቆመው፣
መቀሷም ምላሷም የማይዶለድመው፣
አንዲት መስመር ጻፈች፦
«ዓሣ የበላ፣ በዓሣ ይበላ።»
በእነሱ ቋንቋ ቤት አይመታም፤
እኔ ውስጥ ሲገለበጥ ግን ቤት መታ።
አልጋዬ ላይ ነበርሁ፣ በአንድ ዓይኔ ተኝቼ፤
ጣቴ ሄዳ የሳቅ ምልክቷን ነካች።
አፌ አልሳቀም። ጣቴ ናት የሳቀች።
(እስከ ዛሬ እንዲህ እያልሁ እከራከራለሁ።)

ሲነጋ ከተማው ቀድሞኝ ነቅቷል።
ዳቦ ጋጋሪው፣ ፋርማሲስቷ፣ ጀልባ ጠጋኙ፣
ቄሱ እንኳ ቁርሱን ሳይጨርስ
በየስልኩ ድንጋይ ይለቅማል።
ቀትር ላይ ፓሪስ ሰማ፤ ማታ ብራስልስ።
ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው ከሊዮን
«እሷም ትስጠም» አለ።
«ልጆቿ ይስጠሙ» አለ ሌላው።
ልጅ የላትም።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤
ይኼኛውን ግን ገና ቆሞ ሳለ
ከሩቅ እየወረወሩ ከተፉት።
መስመሯን ሰረዘችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤
የሰረዘችውን ሺህ ሰው ፎቶ አንስቶ አስቀምጦታል።
«ይቅርታ» ጻፈች፤ «አጠረ» አሏት።
አስረዝማ ጻፈች፤ «አበዛችው።»

ረቡዕ ፋብሪካው አባረራት። መቀሷን እኔ ወረስሁ።
ሐሙስ ደጃፏ ላይ አንድ ባልዲ የሰርዲን ጭንቅላት ተደፋ፤
ሳልፍ አየሁት፣ የእኔ ቆረጣ ነው፣ አውቀዋለሁ።
ዓርብ ሌሊት ድንጋይ
መስኮቷን ሰብሮ ገብቶ
ቤት መታ።

ከዚያ ወዲህ ስጽፍ
ቤት እንዳይመታብኝ እጠነቀቃለሁ።

አንድ ነገር አውቅ ነበር፣ እኔ ብቻ።
ያቺ ቃል የአባቷ ናት።
የባሕር ሰዎች መልሕቅ ሳይነቅሉ በፊት
ብርጭቆ አንስተው የሚባባሏት፣
ሞት ሳይሰድባቸው ቀድመው ሊሰድቡት።
አሥር ዓመት ሳይሞላት ባሕር ወሰደው፤
ከእሱ ቦቲ እንኳ አልተመለሰም።
ሰርዲን እየቆረጠች ነው የነገረችኝ፣ ዓይኗን ሳታነሣ።
«ሙት ወቃሽ» ብለው የሚጮኹባት
የሙት ልጅ ናት።

ታዲያ ምን አደረግሁ?
ንጋት ላይ የሳቅ ምልክቴን አነሣኋት፣
ዱካውን በቅጠል እንደሚጠርግ ሌባ።
አንድ ቀን ቆይቼ ደግሞ፣
ይህን ለመናዘዝ ነው ይኼ ሁሉ ወሬ፣
በቦታዋ ቀይዋን፣ የተቆጣችውን ፊት አኖርሁ።
የመኖሪያ ወረቀቴ በመጋቢት ይታደሳል።

ሰኞ፣ የሌሊቱ ፈረቃ ሲወጣ፣
የዮአን እናት ማዳም ከርሞርቫን በሩ ላይ ቆማለች።
«እግዜር ያጽናሽ» በእነሱ እንዴት እንደሚባል አጣሁት፤
ኮፍያዬን አወለቅሁ።
ስልኳን ዘረጋችልኝ፦
«የልጄን ስም እጽፋለሁ፤
የሚመጣው የዚያች ልጅ ፎቶ ነው።
ስንት ሺህ ሰው ስለ ዮአን ተቆጣ፤
ዮአን ማን ነበር ያለኝ ግን የለም።
ግራ እግሩ ከቀኙ ይሰፋል፣
ቦቲ ስንገዛ አንድ ቁጥር እናስበልጣለን...»

«ስንት ቁጥር?» አልኋት።
«አርባ አራት» አለች፣
ከዚያም፣ ነፋሱ ውስጥ፣ ረጅም ሰዓት፣
ስለ ጫማ አወራችኝ።

ወደ ቤት ስመለስ በሶለን በኩል ዞርሁ።
የተሰበረው መስኮት በካርቶን ተደፍኗል፤
ካርቶኑ ላይ የፋብሪካችን ሰርዲን ተስሏል።
ጣቴን አነሣሁ፣
ያችኑ ጣት፣
ለማንኳኳት ሲሆን እንዴት ትከብዳለች።