የአህያ ብር

ሂርማታ ገበያ ጀርባ፣ ከጨው ተራ ቀጥሎ፣
አባቴ ኑርሁሴን ብር ሲያቀልጥ ይመሽበት ነበር፣ ከወናፉ ጎን ውሎ።
ብር ስል ማዕድኑን፣ ገንዘቡንም ደግሞ፤
አማርኛ ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቶ አልፏል፣ መለየቱን ትቶት ፈጽሞ።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅር፣
ከሰቃ የመጣች ዘይቱና ገባች፣ መቀነቷ ላይ ቋጥራ ብር፦
ሁለት ጠገራ፣ አንድ የተሰበረ አምባር፣
ደግሞም እንደ ባቄላ ያጠረ፣ እንደ ባቄላ የወፈረ፣ ስሙ ያልታወቀ ነገር።
«ከቅድመ አያቴ ዶቃ መሃል ነው፤ ምን እንደሆነ አላውቅም፤
ለልጄ ጉትቻ አድርግልኝ፤ ሐሙስ ኒካዋ ነው፣ አልቆይም።»

አባቴ በመፈተኛው ድንጋይ ፈተገው፤ ጭረቱ ነጣ፣ ጥቂት ቀላ፤
«ብር ነው፤ መዳብ ነካክቶታል» አለና ሚዛን ፍለጋ ዞረ ወደኋላ።
አራት ግራም።

የሒሳብ አስተማሪያችን፣ ሕንዳዊው ማስተር ዳህያባይ፣ እዚያው ነበሩ፣
የመነጽራቸው ክንድ እስኪበየድ ጭጋግ ውስጥ የቀሩ።
ያችን እንክብል አንስተው እስከ አፍንጫቸው አስጠጉ፤
«እ…» አሉ፤ ወደ በሩ ወጡ፤ ከዝናቡ ብርሃን ፈለጉ።

«በአገሬ የአህያ ገንዘብ ይሉታል። እዩ፣ ይሄ ንጉሥ ነው።»
«የታለ?» አለ አባቴ። እኔም ያየሁት ነጥብ ነው፣
ሰረዝ ነው፣ የተሰነጠቀ ጉንጭ መሳይ ነው።

«የፋርስ ንጉሥ ነበር፣ አፍንጫው ቀጥ ያለ፣ ክንፍ ያለው ዘውድ የደፋ፤
ብሩ በዘመቻም በንግድም መጣ፤ ሰው ወደደው፤ ንጉሡ ግን ጠፋ።
ሰዉ ብር ይፈልጋል። ቀራጩ ንጉሡን አላየም፤ ያየው ብሩን ነው።
ልጁ ያየው የአባቱን ብር ነው። የልጅ ልጁ የዚያን ነው።
ስንት መቶ ዓመት! አፍንጫው ሰረዝ ሆነ፣ ዓይኑ ነጥብ፤
በጀርባው ያለው የእሳት መሠዊያ መሰላል መሰለ።
ጉጃራት ላይ ስንቱ ነገደ፣ ስንቱ ነገሠ፤
የማንም ስም የለበትም፤ ፊት ያልሆነ ፊት ብቻ ከእጅ እጅ ፈሰሰ።»

«ታዲያ አህያው?»
«ንጉሥ መምሰል ሲያቅተው፣ ሕዝቡ አህያ አየበት።»
ዘይቱና ሳቀች፤ «አህያም ቢሆን ይጭናል፤ ለእኔ ጉትቻ ይጫንበት!»

«የወር ደሞዜን እሰጣለሁ፤ አታቅልጡት» አሉ ማስተር፣ ድምፃቸው ተሰብሮ።
«የወር ደሞዝ ጆሮ ላይ አይንጠለጠልም» አለች፣ ፊቷ ወደ እሳቱ ዞሮ።

አባቴ ዝም አለ። ወናፉም ዝም አለ።
ከዚያ ከመሳቢያው ሰም አወጣ፣ በትንፋሹ አለዘበ፣
በአውራ ጣቱ ጫን፣ ገልበጥ፣ ደግሞ ጫን፤
ሰሙን ለማስተር ሊሰጥ ዘረጋ፤ እሳቸው ግን አልተቀበሉም።
መነጽራቸውን አጠለቁ፣ ከፈሉ፣ ወደ ዝናቡ ሄዱ።

ወስከንባይ በሌላት ትንሽ የሸክላ ማቅለጫ
መጀመሪያ ነጥቦቹ ላብ አወጡ፤
ሰረዞቹ ተከተሉ፤
ንጉሡም አህያውም አንዲት የምትንቀጠቀጥ ጠብታ ሆኑ፣ የአባቴ ፊት የሚታይባት።

ቅኔ አዋቂ ሰሙ ቀልጦ ወርቁ ይቀራል ይላል፤
እኔ ቤት ግን ብሩ ሄዶ፣ ሰሙ መደርደሪያ ላይ ውሏል።
አሁን ስልክ ነው የምጠግነው፣ ፈረንጅ አራዳ፣ ባንኩ ፊት ለፊት።
ልጆቼ ሰሙን ያገላብጣሉ። ንጉሡን ማንም አላገኘውም።
በጠርዙ በኩል ግን የአውራ ጣት አሻራ አለ፣
ከንጉሡ ይልቅ የሚነበብ፤
አባቴ ፎቶ አልነበረውም።

ባለፈው ሐሙስ አንዲት ልጅ ስልኳን ትታ
«ይህንስ ትበይዳለህ?» አለችኝ፤ መንጠቆው የተሰበረ ጉትቻ።
«የእናቴ ነው፤ ከሰቃ ነን።»
ሁለተኛውንም ከጆሮዋ አስፈታሁና፣
የአባቴን ሚዛን ከአልጋ ሥር አወጣሁ፣ አቧራውን እፍ አልኩ።
ሦስት ግራም ተኩል።
ግማሹን ጆሮ በልቶታል።
ሒሳብ አልጠየቅኋትም።