ቤቶች የሚባል ዱር

መዳም ከመኪናው አልወረደችም፤
ሞተሩን፣ ቅዝቃዜውን አላጠፋችም።
«ሂጂና አሳዪው» አለች በጣቷ፤
የሐምዳን ደብተር ነው የዓርብ ጭንቀቷ።

የቤት ሥራው ይላል፦
«የጥንቷን ከተማ መሐሏን ፈልግ፤
መቅደስና ምሽግ፣ መቃብርና ጉድጓድ
አይተህ ሣል፤ ቀለሙን አሳምረህ አድርግ።»

ጃንጥላው የሱ ነው፣ እጀታው የኔ፤
ጥላው እሱ ላይ ነው፣ ፀሐዩ በጎኔ።
በስተግራ መኪና ወደ ራስ አል ኸይማ ይነጉዳል፣
በስተቀኝ የባሕር ሰርጥ ጨው ጨው ይሸታል፤
መሐሉ አሸዋ፣ ዛጎል፣ የግመል በጠጥ።
«የታለ ከተማው?» አለ ሐምዳን ቆሞ።
እኔም ይህንኑ ልጠይቅ ነበር።

ጠባቂው ጉልዛር ነው፤ የፔሻዋር ሰው፣
ጢሙን ሂና ያቀላው፤
ዐረብኛው እንደኔው ስብርባሪ ነው።
በሁለት ስባሪ አንድ ወሬ ሠራን፦
«ስሙ» አለ «ኤድ-ዱር።»

ዱር!
ሳቄ አመለጠኝ። በኔ አገር ዱር ማለት
ሰው የማይውልበት፣ ጅብ የሚያድርበት።
«አይደለም» አለ ሐምዳን፣ «ቤቶች ማለት ነው፤
ብዙ ቤት፣ ጎን ለጎን፣ ጎረቤት ያለው።»
ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ ነፋስ፣ ቁጥቋጦ።
ሁለታችንም አልዋሸንም፤
እሱ የነበረውን ጠራ፣ እኔ የቀረውን።

መቅደሱ ትንሽ ነው፣ አንድ ጎተራ ያህል፤
ልስኑ ተላጥቶ ድንጋዩ ይታያል።
ዙሪያውን መሠዊያ፤ ደም የለ፣ አመድ የለ፤
አንድ የውሃ ፕላስቲክ ሥሩ ተጥሏል።
ሐምዳን ሲሥለው ከእውነቱ አስረዘመው፤
ባንዲራም ሰቀለለት።
ዝም አልኩት።

«ሮማውያን መጥተው እዚህ ኖረው ነበር?»
ጉልዛር ራሱን ነቀነቀ፦ «እነሱስ እንጃ፤
ዕቃቸው ነው የመጣ።» ሳንቲም፣ ጋን፣ ብልቃጥ።
ዕቃ እንዲህ ነው፤
ባለቤቱ ከማይደርስበት ይደርሳል።
አንዷን ብልቃጥ ሙዚየም ውስጥ አይቻታለሁ፣
ሰማያዊ፣ የአውራ ጣት የምታህል፤
ከአሸዋ ቀልጣ የተሠራች፣ አሸዋ ውስጥ የተኛች፤
ምናልባት በግብፅ ዞራ፣ በኛው ባሕር አልፋ፣
ሁለት ሺህ ዓመት ሳትሰነጠቅ።
እኔ ባለፈው ሳምንት አንድ የሻይ ብርጭቆ ሰበርኩና
ከደመወዜ ላይ ተቆረጠ።

ከመቅደሱ ወደ ምሽጉ፣ አራት ክብ ማማ፤
ከምሽጉ ወደ ቤቶቹ፣ ዝቅ ያለ መሠረት፤
«ይሄ መጅሊስ» ይላል ሐምዳን «ይሄ መኝታ ቤት።»
እኔ የምፈልገው ሌላ ክፍል ነበር፦
ከወጥ ቤቱ ኋላ፣ መስኮቱ ግንብ የሚያይ፣
ቁልፉ በውጭ በኩል የሚዞር።
ካርታው ላይ የለም።
ግን አንዱ ጥግ ላይ እግሬ አወቀው፤
ጠባብ ነው፤ ሰው ጉልበቱን አጥፎ
የሚተኛበት ልክ ነው።

ጉልዛር የመጨረሻውን ወሬ አወጣ፦
እመቅደሱ ውስጥ የድንጋይ ገንዳ ተገኘ፤
ዘጠኝ መስመር ጽሑፍ ነበረው፣ ጊዜ የበላው፤
ደህና የተነበበው አንድ ቃል ነው፣ ሻማሽ፤
የፀሐይ አምላክ።
«ገንዳውን የሰጠው ሰውስ ስሙ?» አልኩት።
መዳፉን ወደ አሸዋው ዘረጋ።

ቀና ብዬ አየኋት። የሷን ስም ማን ይፍቀው?
በየቀኑ ራሷ ትጽፈዋለች፣
በሰው ጀርባ ላይ።

እኔ በፓስፖርቴ ዘይነባ ነኝ፤
ደላላው ነው ያወጣልኝ፣
ኮምቦልቻ፣ መናኸሪያው ጎን፣ ሻዩን ሳይጨርስ።
መዳም አሳጥራ ዘይና አለችኝ።
እናቴ ያለችኝን ግን
አምስት ዓመት ሆነው ሰው ሲጠራው ከሰማሁ።

ሐምዳን ውሃ ሲጠጣ ጎንበስ አልኩና
በጣቴ አሸዋው ላይ፣ እዚያ ጥግ፣ ጻፍኩ፦
ብርጓል።
አራት ፊደል።

ቀና ስል እርሳሱን ይዞ ቆሟል፤
አንድ በአንድ ወደ ደብተሩ እየገለበጠ፣
ምላሱን አውጥቶ፣ «ጓ»ን ሁለቴ እያጠፋ።
«የጥንት ጽሑፍ ነው?»
«የጥንት ነው» አልኩት።

መዳም ጡሩምባ ነፋች።
ዘይና ጃንጥላውን አጥፋ
ሮጣ ሄደች።