ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ

ባሕር የሌላት አገር ባሕረኛ አላት ሲሉ
ሳቅ ነበር መልሱ በአሞራ ገደሉ።
ዓሣ የሚገፉት ቢላ እንደ ያዙ
"አድሚራል መጡልን!" ይላሉ እያፌዙ።
ዳንጊሶ ግን ያልፋል፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ፣
ከኋላው የልጅ መዓት ሲጋፋ ሲንካካ።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ታቦር ጉም ተከናንቦ፣
ጉማሬው ወደ ውኃው ሲመለስ ሣር ጠግቦ፣
አባ ኮዳው በአንድ እግር እንደ ዘበኛ ቆሞ፣
እንሰለፋለን እኛ፣ ሁሉም ጥርሱን ገጥሞ፤
ሊስትሮው፣ ባጃጅ አጣቢው፣ ሎተሪ አዟሪው፣
የደብተር መግዣ አጥቶ ከክፍል ቀሪው።
ወገባችን ላይ ያበጠ ከመነዳሪ፣
ከአይሱዙ የተረፈ፣ የነፍሳችን ተጠሪ።

ይቆጥራል። በዓይኑ አይደለም፣ በጣቱም አይደለም፤
ትከሻ እየነካ ነው፤ ያልተነካ የለም።
"ስንት ገባ?"
"ሃያ ሦስት!"
ፀሐይ ከፍ ስትል ደግሞ፣
"ስንት ወጣ?"
"ሃያ ሦስት!"
ቁጥሩ ካልገጠመ ማንም ቤት አይሄድም።
"ራስህንስ?" ብንለው፣ "ራሴን አልቆጥርም፤
የባሕር ሕግ ነው" ይላል፤ "ቆጣሪ አይቆጠርም።"

አንድ ቀን ምንታምር፣ ቆሎ ሻጯ ደፋር፣
"ለምንድን ነው" አለች፣ "ሁልጊዜ መቁጠር?"
ገመዱን ቋጠረ፣ ፈታ፣ ቋጠረ፤
ቆይቶ፣ ውኃውን እያየ ተናገረ።
"ከምጽዋ ሌሊት ስንወጣ አርባ አንድ ነበርን፤
ሲነጋ በአንድ ጀልባ አሥራ ዘጠኝ ሆነን።
ማን ቀድሞ እንደ ቀረ ማንም አላወቀ፤
መዝገቡም ከመርከቧ ጋር ነው የዘቀጠ።
ስማቸውን ልጥራ ብል ስድስቱ ይጠፋኛል..."
ፊሽካውን ነፋና፣ "ግቡ! ውኃው ይሞቃል።"
አልሞቀም። ገባን።

የራሴን ልናገር፣ ዛሬ አያሳፍርም፤
ያን ቅዳሜ እስኪቆጥር እኔ አልጠበቅሁም።
ከመነዳሪውን አቅፌ በደንገሉ ሾለክሁ፣
ጎሚስታ ቤት ሄጄ በሃያ ብር ሸጥሁ።
ግማሹን ቃምሁበት፤ በቀረው ለእናቴ
ስኳር ገዝቼ ገባሁ፣ ጨዋ መስዬ ከቤቴ።

ሌሊት በር ተንኳኳ። ከፈትሁ።
ዳንጊሶ ነው።
ከራሱ እስከ እግሩ ውኃ ያንጠባጥባል፤
ደረቱ ላይ አልጌ፣ ክርኑ ላይ ደም ይታያል።
ከቀትር ጀምሮ ሐይቁን ሲጠልቅ ውሎ፣
ሬሳ አጥቶ መጥቷል፣ ለእናቴ ሊነግር ብሎ።
አየኝ። ብዙ ቆየ።
ከዚያ የረጠበ እጁን ትከሻዬ ላይ አኖረ።
"ሃያ ሦስት" አለ።
ዞሮ ሄደ። በጭቃው ጫማው ሲንቋቋ
እስከ አስፋልቱ ድረስ ይሰማኝ ነበረ።
ስለ ጎማው እስከ ሞቱ አንድ ቃል አልወጣውም።
እኔም አልነገርሁት። ሁለታችንም አላነሳነውም።

ጡረታ ጠይቆ "ፋይልህ የለም" ተባለ፤
"ሰጥሞ ይሆናላ" አለና ሳቀ፣ ተቀበለ።
ሌሊት የጣውላ መጋዘን ጥበቃ፣
ቀን ደግሞ ከእኛ ጋር፤ መቼ እንደሚተኛ እንጃ።
ጉልበቱ ሲከዳው ወንበር አመጣንለት፤
ዓይኑ ሲፈዝ ግን ቆጠራው ባሰበት፤
ከውኃ የወጣውን በጆሮው ይለያል፣
"አንዱ እግሩን ይጎትታል፤ ማነው?" ይላል።

ባለፈው ሐምሌ ሞተ። ዝናብ ነበር፣ ጭቃ።
ምንታምር መጣች፣ ከነነርስ ልብሷ፤
ባጃጆች መንገዱን ሞሉት፤ ዓሣ ገፋፊዎቹ
ቢላቸውን ጥለው፣ ቅርፊት እንዳዘሉ እጆቹ።
እኔ መቃብሩ በር ላይ፣ ማንም ሳያዘኝ፣
ትከሻ ስነካ ራሴን አገኘሁኝ።
ሁለት መቶ ሰባት ገባ።
አፈሩ ወረደ። ዝናቡ አላባራ።
ሲወጡም ቆጠርሁ፣ ጃንጥላ ሥር እየገባሁ፣
ሁለት መቶ ሰባት።

እንደገና ቆጠርሁ። ይገጥማል።
አንድም ሰው አልጎደለም።
ሳጥኑን የተሸከሙትን እንጂ ሳጥኑን አልነካሁም፤
ሕጉን ያወጣው እሱ ነው፤
ቆጣሪ አይቆጠርም።

ፊሽካው ኪሴ ውስጥ ነው። አፉ ላይ ጥርሱ የነከሰው አለ።
ነገ ቅዳሜ ነው።
አሥራ አንድ አዲስ ልጅ፣ አንዷ ጉማሬ ትፈራለች።