የማን ነሽ?

ጥቅምት ሲጋመስ ነው፣ በነፋስ ተራራ፣
በረዶው ተንዶ ወንዙ ሲያጓራ፣
እናት ፍየል ሁሉ ባንድ ሰሞን ወልዳ
እርጥብ ነፍስ ስትጥል በደረቁ ሜዳ፤
ያኔ ነው የመጣሁ ከቾስ ማላል ከተማ፣
የዳቦ ጋጋሪ ልጅ፣ ጣቴ ዱቄትማ፣
ኤሌውቴሪዮን ወድጄ፣ ሻንጣዬን አዝዬ፣
እዚህ ድንጋይ በረት፣ ቤት አገኘሁ ብዬ።

አማቴ ኤውዶሲያ ሰላም አላለችኝ፤
ከመሬት አንስታ ግልገል አስታቀፈችኝ።
«የማን ነው?» አለችኝ።
«የፍየል ነው» አልኳት።
ሳቀች። ጥርስ የላት፤ ሳቋ ግን ስለት አላት።

ለኔ ሁሉም አንድ ነበር፤ ሁሉም ጥቁርና ነጭ፣
ሁሉም ባለ አራት እግር፣ አልቃሽና ተራጋጭ።
ቀይ ክር አሰርኩባቸው፤ እናቶቹ በሉት።
በከሰል ጻፍኩባቸው፤ ጠል አጠበው ሌሊት።
ማታ እናቶች ሲገቡ፣ ጡታቸው ተወጥሮ፣
አቧራና ጩኸት አንድ ላይ ሰክሮ፣
የቦቃዋን ልጅ ለዳልቻዋ ሰጠሁ፤
በቀንዷ ወርውራው አጥር ሥር አገኘሁ።

አማቴ አየችኝ። አልተቆጣችኝም።
«ግልገል ግልገሉን ካየሽ መቼም አትለዪም።
እናቱን እያት፣ በሱ ላይ። የቦቃዋ ዘር
ሲቆም ግራ እግሩን ያሳርፋል፣ እንደ ሰነፍ ወታደር።
የዳልቻዋ ልጅ ሳይጠባ ያኮርፋል፤
የገብስማዋ ጆሮ ጫፉ ይታጠፋል።
ያቺ ቡላ ደግሞ፣ ‹መበለት› የምላት፣
ልጇ አንዴ ጮሆ ዝም ነው፤ አይደግምላት።
ጠረኑ የእነሱ ነው፤ እኛ አፍንጫ የለንም፤
ዓይን ነው የተሰጠን፣ እሱንም አናምንም።»

አንድ ሌሊት ውርጭ ወርዶ የመበለት ልጅ ሞተ፤
እናቱን ፑማ የበላበት ሌላው ብቻውን ዋተተ።
ኤውዶሲያ ቢላዋ ስላ፣ ምንም ሳትናገር፣
የሞተውን ገፈፈችው፤ ቆዳው ገና ይሞቅ ነበር።
ላልሞተው አለበሰችው፣ አራቱን እግር አሹልካ።
መበለት አሸተተችው። ሄደች።
ተመለሰች፣ ጅራቱ ሥር፣ አፍንጫዋን አስነክታ።
ቆመች። ጡቷን ለቀቀችለት።

«ማታለል ነው» አልኩ እኔ።
«ሦስት ቀን ነው ማታለሉ» አለች፣ ቢላዋዋን እየጠረገች፤
«ከዚያ ወተቱ እውነት ያደርገዋል።»
በዚያው ክረምት የራሷን ካፖርት ትከሻዬ ላይ ጣለች።
ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤
በርዶኝ ነበር።

ዘጠኝ ጥቅምት አለፈ። ኤሌውቴሪዮ ነዳጅ ወደሚቀዳበት ሄደ፤
ገንዘብ ይልካል፤ መጀመሪያ በየወሩ፣ ኋላ እየዘገየ።
ኤውዶሲያም ሰው ይጠፋት ጀመር። መጀመሪያ ቄሱ፣
ቀጥሎ ጎረቤቷ፣ ከዚያ በስልክ የልጇ ድምፅ፣ እሱ ራሱ።
ማንኪያውን «መክፈቻ» ትለዋለች፤ እኔን «ኤርሜሊንዳ»፤
በልጅነቷ ወንዝ የወሰዳት እኅቷ ናት።
በረት ስትገባ ግን፣ ያን ሁሉ ጩኸት ተራምዳ፣
አንዱን በእግሩ አንስታ፣ እንካት ትላለች ለእናት፣
አንድም ቀን አልሳተች።
እኔ ዛሬም አንዳንዴ እስታለሁ።

ትናንት ማታ፣ ነፋሱ የቆርቆሮውን ጠርዝ ሲያንቀጠቅጥ፣
ካፖርቱን ደርቤ፣ ፋኖስ ይዤ ገባሁ።
አገጬን ያዘችኝ። ግልገል እንደሚያዝ፣ በሁለት ጣት፣
ፊቴን ወደ መብራቱ አዞረች።
ግንባሬን፣ ጆሮዬን፣ አቋቋሜን መረመረች።
«አንቺ የማን ነሽ?»

ስሜን ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ተውኩት።
ጠጋ ብላ የካፖርቱን አንገት አሸተተች፤
ጭሱን፣ እንገሩን፣ የገዛ ራሷን የሃምሳ ዓመት ላብ።
ሄደች። ሁለት እርምጃ።
ተመለሰች። ደግማ አሸተተች።
ከዚያ ከኪሷ ዳቦ አወጣች፣ ጠዋት የጋገርኩትን፣
ገመሰችው፤
ትልቁን ለኔ ሰጥታ
በልቼ እስክጨርስ ከአጠገቤ ሳትንቀሳቀስ ቆመች።