ዘጠኝ ሜትር

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሲል ስልኬ ተንጫረረ፤
መብራቱም ከምሽት ጀምሮ ጠፍቶ ነበረ።
ጦይባ ይመር ናት፣ የመርከብ መካኒክ፣ ከዓረብ ባሕር ላይ፤
ትናንት ሐይቅ ከተማ፣ ሰባተኛ «ለ»፣ መስኮቱ ጥግ አልነበረች ወይ!

ሰላምታ የላትም። «ጋሼ፣ ማዕበሉ ስንት ሜትር ይሆናል?
ካፒቴኑ ዝም ብሏል፤ ዝምታው ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል።»
ሦስት ቁጥር ሰጠችኝ፦ የአየሩን ግፊት፣ የነፋሱን ፍጥነት፣
ከዐውሎው ዐይን እስከ መርከቧ ያለውን ርቀት።
መስመሩ ተቆረጠ።

እኔ ባሕር አላውቅም።
ከሚሌ ወዲያ በቆላው በኩል እግሬ አልረገጠም።
የማውቀው ውሃ ይሄው ነው፣ ከደጄ የተኛው፣
ነፋስ ጉልበቱን ሳያሟሽ ዳር የሚያገኘው።
ነፋስ ሜዳ ይሻል፤
በጠባብ ግቢ ፈረስ ምን ያህል ይጋልባል?

የዚያን ዓመት ክፍሉን ይዤ ወደ እንድሪስ ታንኳ ወረድኩ፣
ቀይ ፈትል ያሰርኩባትን ደረቅ ቅል ውሃው ላይ ጣልኩ።
ሞገዱ ሲደርስ ወጣች፣ ጥቂት ወደፊት፣ ወረደች፣ ተመለሰች፤
ክብ እየሠራች እዚያው ቆየች።
ሌላው ልጅ ሲስቅ ጦይባ ጮኸች፦
«ጋሼ! ውሃው እኮ አይሄድም! የሚሄደው ሌላ ነው!»
ሌላው ምን እንደሆነ ሁለት ሳምንት አስተማርኩ፤
ዛሬም አጥርቼ ነግሬያታለሁ አልልም።

ሻማ ለኮስኩ፤ ያልታረመ የፈተና ወረቀት ገለበጥኩ።
ግፊቱ ከወትሮው በአርባ አምስት ወርዷል፣ ብዬ ጻፍኩ።
አየር ሲቀልላት ባሕር ታብጣለች፣ ሸክም እንደወረደለት ጀርባ፤
እሱ ግን አንድ ክንድ ቢሆን ነው፤
የሚያስፈራው ነፋሱ ነው።
አርባ አምስትን ለአምስት አካፍል፦ ዘጠኝ።
ግምት ነው፣ የሰነፍ ቀመር፤ በሻማ ሌላ አላገኝ።

ዘጠኝ ሜትር። የትምህርት ቤቱ የባንዲራ ምሰሶ ስድስት ነው፤
ግማሹን ደግመህ ከላዩ ብትቀጥል ነው።
ከአንዱ ማዕበል ጫፍ እስከ ሌላው፣
ከመስጊዱ በር እስከ ወፍጮ ቤቱ ያህል።
ከሥር፣ መቶ ዐሥራ ሁለት ሜትር ላይ፣ ጸጥታ፤
የላዩ ሲያብድ የታቹ አይሰማም።
ሐይቃችን እንኳ ያን ያህል አይጠልቅም።

ዘምዘም ከአልጋው ሆና፣ «ቁጥር ምን ያደርግላታል? ዱዓ አድርግላት» አለች።
ሁለቱንም አደረግኩ፤ የቱ ቀድሞ እንደደረሰ እንጃ።
መልእክት ላክሁ፦ «ዘጠኝ። አብሽሪ።»

ሁለት ቀን ምንም።
ሐይቁ እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ፣ አንዲት ክብ እንኳ ሳያወጣ፣
አናደደኝ።

በሦስተኛው ቀን፣ ገበያ መሐል፦
«ዐሥራ አንድ ነበር ጋሼ። ሁለት ሜትር ጎድሎብሃል።»
ሳቅሁ፣ መሬት ቁጭ ብዬ፣ ሽንኩርቱ ከዘንቢሌ እየተንከባለለ፣
ሰው «መምህሩ ምን ነካው?» እያለ።
ሲመሽ ግን እንቅልፍ ነሣኝ።
ሁለት ሜትር ትንሽ አይደለም፤ ሰው ይሰጥምበታል።

ሰኞ ጠዋት ስህተቴን ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦
«ሁለቱ ሜትር ከየት መጣ?»
ክፍሉ ዝም። ቆርቆሮው ላይ ቁራ ይራመዳል።
ከኋላ ወንበር ሙሐባ፣ አፏን በሻሿ ከልላ፣
«ጋሼ፣ ነፋሱ ቆሞ ነው የገፋው ወይስ አብሮ እየሮጠ?»

ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ።
ዐውሎ ይሄዳል። እኔ አቁሜው ነበር ያሰላሁት።