ከሜትሩ ጫፍ ወዲያ

ትምህርት ቤቷ አቀበት ላይ፣ የረውዳ ልብ ደካማ፤
«ዳገት ይቅርባት» ሲለኝ ሐኪሙ፣ ሰምታለች ከበር ቆማ።
በየሃያ ስምንት ቀኑ መርፌ፣ በየቀኑ ደግሞ እኔ፤
ልብስ ሰፊ ነኝ ሂርማታ ላይ፣ አስተማሪ በሌላ ጎኔ።
ስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ታሪክን በምን ያስይዛል?
የማውቀው መለካት ነው፤ እጄ ከአፌ ይልቅ ያግዛል።

ከአዲስ ሸሚዝ ሆድ የሚወጣውን ካርቶን
በመዳፏ ልክ ቆረጥሁት፣ ለአንድ ዘመን አንድ ካርድ እንዲሆን።
በፊቱ ዓመተ ምሕረት፣ በጀርባው የሆነው ነገር፤
ሥዕሉን እሷ ሳለችው፤ ግንቦቿ ሁሉ ድመት ናቸው፣
ጆሮ አላቸው፤ የቀራቸው ጭራ ነበር።

ከዚያ ሜትሬን ዘረጋሁ በመቁረጫው ጠረጴዛ፣
መቶ አምሳ ሴንቲ ነው፣ ናሱ በጣቴ የወዛ።
አንድ ሴንቲ፦ አሥር ዓመት።
ዜሮው፦ አምስት መቶ ዓመተ ምሕረት።
ስልሳ ስምንት ላይ ላሊበላ፣ መቶ ሁለት ላይ ሽምብራ ኩሬ፤
ስለ ጦርነቱ ነግሬያት፣ የወደቀውን በሁለት ወገን ቆጥሬ፣
እሷ ካርዱ ላይ የሳለችው
አምስት ፍሬ ሽምብራ ነው።
መቶ አሥራ ሦስት ጎንደር።
መቶ ሠላሳ ሁለት ላይ ጅማ፣ መንግሥት ሆና ስትቆም፤
ያን ካርድ ስታኖር ቀና ብላ፣ በመስኮት ጅሬንን ታያለች ሁልጊዜም።

እኔ መኪናውን ስረግጥ፣ እሷ በምቱ ትላለች፤
መርፌው ሲቆም ትቆማለች፣ ክሩ ሲበጠስ ትስቃለች።

ቅዳሜ ዕለት ሐጂ ሙዘይን ሱሪ ሊያሰፉ መጡ፣
የቡናው ዋጋ ከፍ ሲል አብረው በቦርጭ የወጡ።
ወገባቸውን አቅፌ ለካሁ፤ «መቶ አሥራ ሦስት» ስል ጮክ ብዬ፣
«ጎንደር ተቆረቆረች!» ብላ ከጥግ መለሰች ልጅዬ።
ቀበቷቸውን እንደያዙ፣ «ምን አለች?» አሉኝ ደንግጠው።
ደረታቸውን ስንለካ ደግሞ ሽምብራ ኩሬ ላይ አገኘነው።
የእግራቸው ቁመት ስልሳ ስምንት፤ «ላሊበላ!» በሳቅ ፈረሱ፤
«ሱሪ ላሰፋ መጥቼ አገር ለበስኩ» እያሉ እንባቸውን አበሱ።

ወሬው ወጣ። ደንበኛ ሁሉ «እኔስ ምን ላይ ነኝ?» ይላል።
የባጃጁ ሹፌር ዛኪር፣ ወገቡ ሰማንያ ይሆናል፤
«ሰማንያ ላይ ምንም የለም» ስትለው ቅር አለው፤
«የሆነስ ሆኗል» አልኩት፣ «ካርዱ ነው የሌለን፤
ስናገኝ እንጠራሃለን።»

ሐምሌ ነው። መብራት የለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅራል፤
የሻማው ብርሃን ጥላዋን ከዘመን ዘመን ያሻግራል።
«አባ፣ አክሱምስ?»
«ከዜሮው ወዲያ ግማሽ ሜትር፤ ከጠረጴዛው ወርዳለች።»
በርጩማ ጎትታ አመጣች፤ አክሱም ተቀመጠች፣ አረፈች።
«አንተስ?»
«መቶ አርባ ሰባት ላይ፣ የእስፒል ራስ የምታክለኝ።»
«እኔስ?»

ሜትሩ ሁለት ሺህ ላይ ያልቃል፤
እሷ የሁለት ሺህ ሰባት ልጅ ነች።
ጣቴ ናሱን ተሻገረ፤ ሰባት ሚሊ፣ ባዶ እንጨት፣
አንድም ቁጥር የሌለበት።
ዝም አልኩ። አንገቷ ሥር ያ የደም ሥር ሲዘል አየሁት፤
ስንት ሚሊ ይሆን ብዬ ማንንም ያልጠየቅሁት።

እሷ ግን ሜትሩን ስባ ከናሱ ቦታ እስከ ጠርዙ ለካች፣
«ሠላሳ አንድ» አለች፤ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አሰላች፤
«ሦስት መቶ አሥር ዓመት እንጨት አለ።
በቂ ነው» ብላኝ ተኛች።

ጠዋት የሐጂን ሱሪ ልቆርጥ ጨርቁን ስዘረጋ፣
ከናሱ ቦታ ወዲያ፣ በጠመኔ፣
ትንሽ ነጥብ፤ ከጎኑም «ረ»።
አልጠረግሁትም። ጨርቁን ወደዚህ ሳብ አደረግሁ፤
መቶ አሥራ ሦስት፣ ለስፌት አራት ጨምሬ፣ መቀሴን አነሣሁ።